ለእንግዶች የተነበበው ደብዳቤ

ፋትሳኒ ያን ዕለት ጠዋት ሦስት ጊዜ ቀሚስ ቀየረች። ቢጫው ያወፍረኛል አለች፤ ሰማያዊው የቀብር ይመስላል አለች፤ በመጨረሻ ሉሱንጉ «ይሄን ስትለብሺ የማስተምረው ይጠፋብኛል» ያላትን አረንጓዴውን አጥልቃ ወጣች። እናቷ ናሲቤኮ ደጃፍ ላይ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«እንግዶቹ የሚመጡት ማኅበራችሁን ሊያዩ ነው ወይስ አንቺን?»

«ኧረ እማዬ!»

«ሂጂ፣ ሂጂ። እኔም ፊቴን ታጥቤ እመጣለሁ። አማቼ በሰው ፊት ሲናገር እንዳያመልጠኝ።»

አማቼ! ገና ሳይጫጩ እንዲህ ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ለነገሩ የቀረውም አንድ ሳምንት ነው። ቅዳሜ የሉሱንጉ አጎቶች ከምዙዙ አውራ ዶሮ ይዘው ይመጣሉ፤ የፋትሳኒ አጎት ካቺንግዌ ሴት ዶሮ ይዘው ይቀበሏቸዋል፤ ዶሮዎቹ እጅ ሲለዋወጡ ነገሩ አለቀ ደቀቀ። የሉሱንጉ እናት «ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት ልጄ ከገበሬ ሴት ደጅ ሊያድር ነው?» ብላ ሁለት ወር አኩርፋ ነበር። እሱ በመጣበት በሰሜን ሴቷ ናት ወደ ወንዱ የምትሄደው። እሱ ግን «እኔ እሄዳለሁ፤ መንደሯ ገብቼ እኖራለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ለዚህ ቃሉ ፋትሳኒ ነፍሷን ብትሰጠውም አይቆጫትም ነበር።

ሲጀመር ግን አትወደውም ነበር። ምኑን ትወደዋለች? አምና ከእርዳታ ድርጅት ተልኮ በሞተር ብስክሌት አቧራ እያስነሳ መጣና ሠላሳ ሴት ማንጎ ጥላ ሥር ሰብስቦ «እርሻ ንግድ ነው» እያለ ማስተማር ጀመረ። አንድ ቀን ኦቾሎኒውን ከመፈልፈላችሁ በፊት ውሃ አታርከፍክፉበት፣ ይሻግታል፣ ገዢ የሚመልስባችሁ ለዚህ ነው አላቸው። እውነቱን ነው። ግን የደረቀ ቅርፊት ጣት ይቆርጣል፤ ሴቶቹ ውሃ የሚያርከፈክፉበት ወደው አይደለም። ፋትሳኒ ብድግ አለች።

«መካሪ፣ እስቲ አንተ በደረቁ ፈልፍለህ አሳየን።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ እጅጌውን ሰበሰበና አንድ ሳፋ ሙሉ ፈለፈለ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አውራ ጣቱ እየደማ ወደ እሷ መጣና «ልክ ነሽ» አላት። የተማረ ወንድ «ልክ ነሽ» ሲል ሰምታ አታውቅምና ያኔውኑ አለቀላት።

ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው እሱ ሊሎንግዌ ይቀራል። ስልክ የላትም አይባልም፤ አላት። ግን ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ስለዚህ ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤው በወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በኩል ይሄዳል፣ ይመጣል። በአንዱ ደብዳቤ ፋትሳኒ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው።

ነገሩ ይሄ ነው። በዚያ የረሃብ ዓመት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ቀብር የሌለበት ቀን አልነበረም፤ ቀብር የቀረ ሰው ደግሞ ሰው አይባልም። አንድ ቀን በቀትር መንደሩ ሁሉ መቃብር ሄዶ ሳለ ለከርሞ የተቀመጠው የመንደሩ ዘር፣ ጆንያው ተፈቶ ተሰረቀ። ከቀብሩ የቀረ ማን ነው ተባለ። የጎረቤታቸው የኤስናቲ ባል ቢስዊክ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ወደ ሚስቱ መንደር የገባ ባል ምንጊዜም መጤ ነው፤ ቤቱም እርሻውም የሷ ነው፤ ዕቃ በጠፋ ቁጥር ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ደብድበው አባረሩት። የሰረቀችው ግን ናሲቤኮ ነበረች፤ ከለቅሶው መሃል አመመኝ ብላ ወጥታ። ይህን ለልጇ የነገረቻት ባለፈው ዝናብ ወባ ጥሏት አበቃልኝ ባለች ጊዜ ነው። ፋትሳኒ ብቻዋን መሸከም ቢያቅታት ለሉሱንጉ ጻፈችለት። መልሱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የእንባ ጠብታ ነበረበት። ያን ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፋ ተኛች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሷ ሉሱንጉ ባሏ ነበር።

እንግዶቹ፣ የእርዳታ ድርጅቱ የባሕር ማዶ ሰዎች፣ በሁለት ነጭ መኪና መጡ። ከቤተ ክርስቲያን የተዋሰ ወንበር ቀረበላቸው፤ የበቆሎ ጠላ ጣፋጩ ተቀዳላቸው። ሉሱንጉ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከነሱ ጎን ቆሟል። ፋትሳኒ ከሴቶቹ መሃል ሆና ዓይኑን ፈለገችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ዓይን አፋርነቱ ተነሳበት ብላ በሆዷ ሳቀች። አይ የዋህነት! ያ ሰው በእንግዶቹ እጅ ያለውን የተጠቀለለ ሸራ ካየ ጀምሮ ላብ አጥምቆት ነበር።

ሸራውን ሁለት ሰዎች ዘረጉትና የማንጎው ግንድ ላይ ሰቀሉት። ከበር የሚሰፋ የፋትሳኒ ፊት ብቅ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው ኤስናቲ በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና «አንቺ፣ ጥርስሽ ሁሉ ይቆጠራል እኮ!» አለቻት። ናሲቤኮ ከፊት መደብ ላይ ሆና ጎረቤቶቿን ዞር ዞር እያለች አየች፤ ልጄን አያችኋት ወይ እንደማለት ነው። ፋትሳኒ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ ደስታዋን መያዝ አቅቷት።

ከፊቷ ሥር በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። ከከተማ የመጣው አስተርጓሚ፣ ወፍራም ደስተኛ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እነሆ የማኅበራችሁ የስኬት ታሪክ! እንግዶቻችን እናንተም እንድትሰሙት ፈልገዋል።»

«ጌታዬ፣ አያስፈልግም፣ ሰዓቱም…» አለ ሉሱንጉ።

«ምን ችግር አለው! አጭር ናት» ብሎ በመንደሩ ቋንቋ በቺቼዋ ማንበብ ጀመረ።

«ይህች ፋ. የምትባል ወጣት ገበሬ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ ረሃብ ሆነ። እናቷ ሰው ሁሉ ለቀብር በወጣበት ሰዓት የመንደሩን የዘር ጆንያ ፈታች። ጥሬውን ኦቾሎኒ በአንድ እጇ ስታጎርሳት በሌላው እጇ አፏን ትይዝ ነበር፤ ሲታኘክ ጎረቤት እንዳይሰማ…»

ፋትሳኒ መጀመሪያ ትርጉሙ አልገባትም። የገባት ዜማው ነው። «ሲታኘክ ጎረቤት እንዳይሰማ።» የራሷ ቃል ነው! በእጇ የጻፈችው፣ እንግሊዝኛ ሆኖ ዞሮ፣ ተመልሶ በሰው አፍ መጣባት።

«…በዚህም የተነሳ አንድ ንጹሕ ሰው፣ የጎረቤት ባል፣ ሌባ ተብሎ ተባረረ። ፋ. ግን ዛሬ በሥልጠናው ብርታት አግኝታ ያለፈውን ኀፍረት ከኋላዋ ጥላለች!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት እንግዶቹ ብቻ ነበሩ።

አጎቷ ካቺንግዌ ቀስ ብለው ተነሱ። በዚያ ዘመን የዘሩ ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። «ልጄ፣» አሉት አስተርጓሚውን፣ «ጆሮዬ ደከም ብሏል። ስለ ጆንያው ያልካትን እስቲ ድገምልኝ።»

ሰውየው የወደዱለት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

ናሲቤኮ ከመደቡ ተነሳች። የታጠቀችውን ጨርቅ አጥብቃ አሰረች። ሉሱንጉን አላየችውም፤ ሸራውንም አላየችም። ያየችው ልጇን ነው፤ ብዙም አልቆየችም፣ ትንፋሽ የመውሰድ ያህል። ከዚያ በሰዎቹ መሃል ቀጥ ብላ ሄደች። የሚያሳልፋት መንገድ ሰፍቶ ተከፈተላት፤ ልብሷ እንዳይነካው ሁሉም እግሩን ሰበሰበ። ፋትሳኒ ወደ ኤስናቲ መዞር አልቻለችም። አጠገቧ የነበረው ሙቀት ግን ሸሽቷል። በቁም መቅበር የሚሉት ይሄ ነው።

ተነስታ ስትሄድ ሉሱንጉ ከማኅበሩ መጋዘን ጀርባ ደረሰባት።

«ፋትሳኒ፣ ስሚኝ። በናትሽ ስሚኝ!»

«በናቴ?» ዞር አለች። «በየትኛዋ እናቴ? በሰቀልካት?»

«ስምሽን አልጻፍኩም። ፋ. ብቻ ነው ያልኩት።»

«ፊቴን ከበር አስበልጣችሁ ሰቅላችሁ ፋ. ትለኛለህ?»

«ፎቶውን እነሱ ናቸው የጨመሩት። በእንግሊዝኛ ነበር የጻፍኩት፣ ሚስጥርሽ እንዳይወጣ። ስንት ታሪክ ጽፌያለሁ መሰለሽ! ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ እዚያው ይቀራል። አንድም ወደ መንደር ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። ይተረጎማል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።»

«እኛ ካልሰማነው አልሸጥከንም ማለት ነው?»

«ለናንተ ብዬ ነው!» ድምፁ ተሰበረ። «መፈልፈያ ማሽኑ የሚሰጠው ለአንድ ማኅበር ብቻ ነው። አለቃዬ የሚያስለቅስ ታሪክ ከሌለህ አትልፋ አለኝ። ጣታችሁ ሲደማ እያየሁ…»

«ይድማ! ጣቴ ይቆረጥ! ማን ለመነህ?»

እሱ ግንቡን ተደግፎ ቁጭ አለ። ፋትሳኒ ቁልቁል አየችው። ያ የምትወደው ግንባር በላብ ርሷል፤ እጇ፣ የተረገመ እጅ፣ ሊጠርግለት ሲል ያዘችው። በቀሚሷ ጨርቅ ጠቅልላ ያዘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ደብዳቤዬን ስታነብ አልቅሰሃል?»

«አልቅሻለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«ከዚያስ?»

አውራ ጣቱን ማሻሸት ጀመረ።

«ከዚያ እንባህን ጠረግክና ብዕር አነሳህ» አለችው። «ስታለቅስ እኮ አምኜህ ነበር። ያንን ወረቀት አቅፌ ነው ያደርኩት። አንተ ለካ የቱ ቃል እንደሚያምር እየመረጥክ ነበር።»

«እናትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ። ቅዳሜ አጎቶቼ ሲመጡ በሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። እዚሁ እኖራለሁ ብዬሻለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው።»

«አይ ሉሱንጉ። መጤ ባል ሆነህ ስትገባ ክፉ ዓይን እንደሚያይህ አውቅ ነበር። ለዚያ ነበር የተዘጋጀሁት። አንድ ዕቃ ጠፍቶ ከእጅህ ላይ ቢገኝ እንኳ የሱ አይደለም ብዬ እሟገትልህ ነበር። ብቻዬን ከመንደሩ ጋር እጣላልህ ነበር። የምትሰርቀው እኔን ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

«ፋትሳኒ…»

«አጎቶችህን ካሉበት አስቀራቸው። ምዙዙ ሩቅ ነው፣ በከንቱ አይድከሙ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። እንዳይከተላት ፈራች፤ ደግሞም ተከትሎ በመጣ ብላ በሆዷ ተመኘች። አልተከተላትም። የምታውቀውን የእግሩን ኮሽታ ስታጣ ነው እንባዋ የወረደው።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ካቺንግዌ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ወደ ውስጥ አልዘለቁም። «ለቅዳሜ ያሰርሻትን ዶሮ ፍቺያት» አሏት። «ነገ እናትሽ የመንደሩ አለቃ ፊት ትቆማለች። እኔም አብሬ እቆማለሁ፣ እኅቴ ናት፣ ምን አደርጋለሁ። ግን በጄ ነው ያንን ሰውዬ የመታሁት። በዚህ በጄ።» እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አገላብጠው አዩትና ሄዱ።

ናሲቤኮ ጓዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሳፋው ከፊቷ ነው፤ አትፈለፍልም።

«ለሱ ነገርሽው?»

«እማዬ፣ ከበደኝ። ብቻዬን…»

«እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ብቻዬን ይዤዋለሁ። ከበደኝ ብዬ ለማን ነገርኩ?» ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ያ ነው የባሰው። «የነገርኩሽ እሞታለሁ ብዬ ነው። ሳልሞት ቀረሁ። ጥፋቴ ያ ነው።»

ፋትሳኒ እግሯ ላይ ተደፋች። እናትየዋ አልገፋቻትም፤ እግሯን ብቻ ቀስ ብላ ከሥሯ ሰበሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ ያልመታቻት እናት በዱላ ብትቀጠቅጣት ይሻላት ነበር።

እንደዚያው እንዳሉ በሩ ጨለመ። ኤስናቲ ነበረች። ናሲቤኮ ግድግዳውን ይዛ ልትነሳ ሞከረች።

«ኤስናቲ፣ ምቺኝ። የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

«ተቀመጪ» አለች ኤስናቲ። እሷም ተቀመጠች፤ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ሳፋው አጠገብ። «ልጅሽ ልትሞትብሽ ነበር። እኔም ልጅ ቢኖረኝ ሌላ አደርግ ነበር ብዬ አልዋሽም። አንቺን ነገ እጠላሻለሁ፣ ጊዜ አለኝ። ዛሬ የመጣሁት ለሷ ነው።»

ፋትሳኒ ቀና አለች።

«እትዬ ኤስናቲ…»

«ለዚያ ልጅ መቼ ነው የጻፍሽለት?»

«ኦቾሎኒው ሲያብብ» አለች ፋትሳኒ በቀጭን ድምፅ።

«ሲያብብ።» ኤስናቲ ራሷን ነቀነቀች። «ቢስዊክን ሲያባርሩት እኔ ነበርኩ ምንጣፉን ጠቅልዬ ከደጅ ያስቀመጥኩለት፤ ታውቂያለሽ? ሰው አልነገረሽም ይሆናል። አይደለሁም ኤስናቲ፣ አይደለሁም እያለኝ፣ መጥረቢያውንም አውጥቼ ሰጠሁት። አባወራነቱ በዚያ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ምቺንጂ ነበር፣ የሰው ትምባሆ እርሻ ላይ።»

«እዚያ መሆኑን አላወቅንም…»

«እኔ አውቅ ነበር። ሌባ ባል ብዬ አልሄድኩም እንጂ። ዘንድሮ ኦቾሎኒ ስንነቅል ሰው መጣና ሞተ፣ ቀበርነው አለኝ። ለማን ልንገር? ለሌባ ማን ያለቅስልኛል? ካንቺ ጎን ቁጭ ብዬ ስፈለፍል ዋልኩ። ምነው ዛሬ ዝም አልሽ አልሽኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኩሽ። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይላታል። ጨው በሞቀ ውሃ አድርጋ አምጥታላት ነበር። ኤስናቲም ተጉመጥምጣ፣ ተፍታ፣ ተሻለኝ ልጄ ብላት ነበር። ፋትሳኒ አፏን ከፈተች። ለእናቴ ብዬ ነው ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ሲደርስ የሉሱንጉን ድምፅ ሰማችበትና ዋጠችው።

«አንድ ቃል» አለች ኤስናቲ። «ሳፋችን አንድ፣ በየቀኑ ጉልበታችን እየተነካካ። ለሱ ያን ሁሉ ወረቀት ስትጽፊ ለኔ አንድ ቃል አጣሽ። ካበበ በኋላ እስኪነቀል ስንት ቀን ነው? ማኅበር ውስጥ ተምረሻል፣ ንገሪኝ።»

«እትዬ፣ እባክሽ።»

«ንገሪኝ።»

«ዘጠና» አለች ፋትሳኒ።

«ያን ሁሉ ቀን በሕይወት ነበር። ምቺንጂ በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው» አለች ኤስናቲ። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ወጣች።

ናሲቤኮ አሁን ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። ፋትሳኒ አላለቀሰችም። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሉሱንጉን እየጠላች፣ ጥላቻውን ተደግፋ ነበር የቆመችው። አሁን ፈልጋ አጣችው። እሱን ለመጥላት ከሱ መሻል ነበረባት።